አታውቅም ብለው ይጻፉልኝ

ስማይርና፣ አትላንታ
ጃንዋሪ 19 ቀን 2025

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ሉባባ ሙሄ
ቢስቲማ፣ ወሎ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ቤቱን ይሙላ፣ ጎረቤቱንም አይርሳ። አላህ ጉልበትዎን ያበርታ፣ ዓይንዎን ያቆይልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ሱሀይብ ትራኩን ይዞ እንደወጣ ነው፣ በወር አንድ ሳምንት ባገኘው ነው። ስልክ ስደውል ጆሮዎ አልሰማ እያለዎት «ሃሎ! ሃሎ!» ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚሰማን፣ ይሄ ጉዳይ በወረቀት ይሻላል አልኩ። ደብዳቤውን የሚያመጣልዎት የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫውንም ባትሪ በእጁ ልኬያለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እንደሚያውቁት የምሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው፤ አቅመ ደካሞችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሮዝዌል ድረስ እየነዳሁ እትዬ ሰፍያ የሚባሉ የከሚሴ ሴት አጥባለሁ። ካንሰር ነው፣ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጧቸውም። ልጃቸው ሳሚያ ፋርማሲስት ናት፣ እዚሁ ያደገች፤ እኔን በስሜ ጠርታ አንቺ ትለኛለች፣ ግን ልቧ ንጹሕ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጀርባቸውን ሳደርቅላቸው እትዬ ሰፍያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ነዚፋ፣ ስሞት አንቺ እጠቢኝ። እጅሽን ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ፎጣው ከእጄ ወደቀ።

ወሬው ለካ ጁነዲን ጋ ደርሷል። ጁነዲን የጀመዓችን የቀብር ጉዳይ ኃላፊ ነው፣ ኡበር ይነዳል። «የሉባባ ሙሄ የእህት ልጅ ሆነሽ እንዴት ዝም ትያለሽ? እዚህ አማርኛ የምትችል አንዲት ሴት አጣቢ የለችንም። አላህ አንቺን ወደዚህ ያመጣሽ ለዚህ ነው» አለኝ። አላህ ለምን እንዳመጣኝ ከእኔ በፊት ለእሱ የነገረው ይመስል!

አክስቴ፣ እኔ አልችልም። ጁነዲን ስመ ጥር ጀናዛ አጣቢ መሆንዎን ሰምቷል፣ የእርስዎን ቃል ያከብራል። ስለዚህ በአንዲት ወረቀት «ነዚፋ ጀናዛ ማጠብ አልተማረችም፣ አታውቅም» ብለው ይጻፉልኝ። ውሸት አይደለም፤ አብሬዎት የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም አልጨረስኩት።

የእህትዎ ልጅ ነዚፋ


ቢስቲማ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነዚፋ

ወዐለይኩሙ ሰላም። የአገሩ ብርድ ይራቅልሽ፣ ቤትሽ በረካ አይጉደለው፣ ባልሽንም መንገዱ ጠብቆ ይመልስልሽ። እኔ አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ባትሪውን አስገብቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ባደርገው የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ እቤቴ የገባ መሰለኝ፤ አውጥቼ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አትቆጪ፣ ሰው ሲመጣ አደርገዋለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ስቆጥር «አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይኸው፣ የእህቴ ልጅ ባሕር ማዶ ተቀምጣ ውሸት ጻፊልኝ ስትለኝ ለማንበብ ጠቀመኝ።

አንቺ ልጅ! አታውቅም ብዬ ልጻፍ? ከፈን ስቆርጥ ጫፉን እየያዝሽልኝ ያደግሽው አንቺ አይደለሽም? ለሴት አምስት ጨርቅ እንደሆነ፣ ከቀኝ እንደሚጀመር፣ በመጨረሻው ውሃ ካፉር የሚባለው ሽቶ እንደሚገባበት ገና ጥርስሽን ሳትነቅዪ ታውቂው ነበር። እንግዳ ሲመጣ እንኳ አንቺ ነበርሽ የምታስረጂው፤ እኔ አፈር ልበላ ነበር በሐፍረት።

ወረቀቱን አልጽፍም። በእሱ ፋንታ የቁርቁራ ቅጠል አስደርቄ፣ አስወቅጬ፣ ልቅም አድርጌ አስነፍቼ ልኬልሻለሁ። ውሃው ውስጥ መትተሽ አረፋውን ለሴትዮዋ ራስና ፀጉር፣ ውሃውን ለገላዋ ነው። ይሄንንም ታውቂዋለሽ።

ልጄ፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለች ሴት ዓይንሽን እያየች «አንቺ» ስትልሽ፣ የጠራችሽ እሷ ብቻ እንዳትመስልሽ። እኔ ስጠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አራስ ነበርኩ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንም የተረጋጋ እጅ አምጪ አላለኝም። አብሽሪ። ጁነዲንን እሺ በይው፣ ለሴትዮዋም ቃልሽን ስጫት፣ ልቧ ይረፍ።

አክስትሽ ሉባባ


ስማይርና
ማርች 16 ቀን 2025

ለአክስቴ ለእትዬ ሉባባ

አሰላሙ ዐለይኩም። ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ፤ ስታፈጥሩ በዱዓችሁ አትርሱኝ። የቁርቁራው ዱቄት ደርሶኛል። ኤርፖርት ላይ «ይሄ አረንጓዴ ነገር ምንድነው?» ብለው ልጁን ደህና አድርገው አቁመውት ነበር አሉ፤ የፀጉር ነው ብሎ አለፈ። ኩሽና ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር የሚያየኝ መሰለኝና ጋራዥ አወጣሁት።

አይቆጡኝ፣ አሁን ጊዜው አይደለም። ጾም ነው፣ ሥራ ቦታ ሰው ጎድሎ ደብል ሺፍት እየሠራሁ ነው፣ ወገቤንም አሞኛል። ሱሀይብም ደስ አይለውም፤ አልጠየቅኩትም፣ ግን አውቀዋለሁ። ዱዓዎቹንም ረስቻቸዋለሁ። ደግሞ እዚህ አገር ያለ ላይሰንስ ሰው ፀጉር እንኳ አይነካም፣ ቢይዙኝስ? ይሄን ለጁነዲን ብነግረው «ጀናዛ ልታጥቢ ነው እንጂ ሳሎን ልትከፍቺ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የእኛ ሴት በድንገት ሞተች። በዓይን ነበር የማውቃት፣ ሁልጊዜ ከኋላ ሰፍ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር የምትሰግደው። ጁነዲን ከጠዋት ጀምሮ ደወለ። ስልኬን ሥራ ቦታ ሎከር ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ደግሞ አላስችለኝ ብሎ፣ ለሱፐርቫይዘሬ ልጄ ታመመ ብዬ (ልጅ የለኝም!) ሊቶኒያ ድረስ ነዳሁ። መስጂዱ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ፣ ሞተሩን አላጠፋሁም። ከሌላ መስጂድ የመጡ እህቶች ጓንት አድርገው ሲገቡ ከመኪናዬ ውስጥ አየኋቸው፤ አላህ አጅራቸውን ይክፈላቸው። ሟቿ የምታውቀው አንድም እጅ አልነበረም። ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩና ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። የታጠፈ ልብስ አውጥቼ እንደገና አጥፋለሁ። ሻይ አፈላለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። እትዬ ሰፍያ እየከሱ ነው። ቅዳሜ ስሄድ እጄን ብቻ ያያሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እባክዎ አክስቴ፣ ያችን ወረቀት።

ነዚፋ


ቢስቲማ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነዚፋ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ኢዱ በደህና አለፈ፣ ለከርሞው ያድርሰን። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትገረሚ፤ የቀኝ አንጓዬ አልታዘዝ ብሎኛል። አሁን ጀናዛ ሲመጣ እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ እናገራለሁ፣ ሌሎች ያጥባሉ።

ወገብሽ ታሟል፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሰው አሮጊት እያገላበጥሽ ታጥቢያለሽ። ዱዓ ረስተሻል፤ ቢስሚላህ ማለትም ጠፋሽ? ሱሀይብ አይወድም፤ ያልጠየቅሽውን ሰው! ሺፍት የምትይውን ነገር አላውቀውም፣ ነፍስ ወሳጁ መለከል መውት ግን ሺፍት ያለው አልመሰለኝም። ያልወለድሽውን ልጅ ደግሞ አሳመምሽ። ወይ ጉድ!

እንግዲያው ሃያ አምስት ዓመት አፌ ላይ እየደረሰ የመለስኩትን ልጠይቅሽ። እህቴ ዘምዘም፣ አላህ ይዘንላትና፣ ያን ቀን ገላዋን ከእኔ ጋር ይዘሽ ሳለ ጆጉን ጥለሽ ወጣሽ። በቀብሯ ላይ አልነበርሽም። ሰባት ቀን ሙሉ ሰው ሲመጣ «ልጅቱ የታለች?» እያለ ሲጠይቀኝ ታማ ነው እያልኩ መለስኩ። በወሩ ጅዳ ገባሽ፣ ከዚያ አሜሪካ። እኔ ብቻዬን ጨረስኩላት።

የወለደችሽን እናት ተጸይፈሻት ነው? እውነቱን ንገሪኝ። ተጸይፌያት ነው ካልሽኝ ወረቀቱን ዛሬውኑ እጽፋለሁ፣ ሁለተኛም አላስቸግርሽም።

ሉባባ


ስማይርና
ጁላይ 6 ቀን 2025

አክስቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሦስት ወር ሙሉ ሰላምታዋን ብቻ እየጻፍኩ ስቀድ ነው የከረምኩት። ጁነዲን መደወሉን ትቶ ቴክስት ማድረግ ጀምሯል፣ ሳላነብ አጠፋዋለሁ። እትዬ ሰፍያ ካልጋ መነሣት አቁመዋል።

ተጸይፈሻት ነው ወይ አሉኝ። እማዬን? አንድ ዓመት ሙሉ ያነጠፍኩላት፣ ከሥሯ ያጸዳሁላት፣ በማንኪያ ያጎረስኳት እኔ አይደለሁም እንዴ? ይሄንን ሃያ አምስት ዓመት በሆድዎ ይዘው ነው «የኔ ልጅ» ሲሉኝ የኖሩት? አንጀቴን ነው ያቃጠሉት።

ያን ቀን ከመግባታችን በፊት በሩ ላይ አስቁመው ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «እዚህ ውስጥ ያየሽውንም የሰማሽውንም ለማንም አታወሪም። የሟች ገመና ነው። የሰውን ነውር የሸፈነ አላህ የእሱን ይሸፍንለታል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ያችን ቃል ጠብቄያለሁ። ለሱሀይብ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። አሁን ልናገር ነው፣ አላህ ይማረኝ።

እርስዎ እማዬን ከትከሻዋ ቀና አደረጓት። እኔ ውሃ ልቀዳ ዞር አልኩ። ሆዷን ቀስ ብለው ሲጫኑት እማዬ ተነፈሰች። ኡፍፍ አለች። ከገበያ መጥታ ደክሟት ስትቀመጥ እንደምትለው፣ ልክ እንደዚያ። በጆሮዬ ሰማሁ። እርስዎን አየሁ፤ እርስዎ ቀና እንኳ አላሉም፣ ሥራዎን ቀጠሉ። እናቴ ነፍሷ አለ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣልኝም። ሮጥኩ። እግሬ ያደረሰኝ መኪና መንገዱ ላይ ነው፣ ያገኘሁት የሐይቅ መኪና ነው፣ ተሳፈርኩ።

እኔ የምፈራው ጀናዛ አይደለም አክስቴ። እናቴን ከነነፍሷ ጥያት ሄጄ እንደሆነስ? ጮኼ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ትኖር እንደሆነስ? ሥራ ቦታ አሮጊቶቹ ሲያንቀላፉ በየክፍሉ እየዞርኩ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ጎበዝ ሠራተኛ እየመሰልኳት ሰርተፊኬት ሰጥታኛለች።

እና እኔ ነኝ እትዬ ሰፍያን የማጥበው? እሳቸውም ቢተነፍሱስ?

አሁን ያሻዎትን ይጻፉ።

ነዚፋ


ቢስቲማ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ልጅ፣ ነዚፋዬ

ደብዳቤሽ ዙህር ላይ ደረሰኝ፣ አስር ሳይሰገድ እየመለስኩልሽ ነው። ነገ ማልዶ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው አለ። ሰላምታ አላስቀድምም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሰምቻለሁ። እኔም ሰምቼዋለሁ።

የሞተ ሰው ውስጥ የቀረ አየር አለ። ቀና አድርገሽ ስትጫኚው ይወጣል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ይወጣል፣ አንዳንዱም ድምፅ አለው። እኔ ከዚያ በፊት በስንት ሰው ሰምቼዋለሁ። ቀና ያላልኩት ስለማውቀው ነው። አንቺ እንደማታውቂው አልታሰበኝም! በሩ ላይ አስቁሜ ይሄንን ልነግርሽ ሲገባኝ፣ ዝም በይ የሚለውን ብቻ ነገርኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።

አንቺ ወጥተሽ ብቻዬን ከእሷ ጋር ስቀር ግን፣ እህቴ ናትና፣ ልቤ ተጠራጠረ። አጠባውን አቆምኩ። ያኔ ጆሮ ነበረኝ፣ ደረቷ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። የጥጥ ብናኝ አፍንጫዋ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ አልተነቃነቀም። አልበቃኝም። የጤና ጣቢያውን ድሬሰር በጓሮ አስጠራሁት፣ ሸፋፍኜለት ደረቷን በመሣሪያው አዳመጠ። «እትዬ ሉባባ፣ ይቺ ሴት ገና ሳይነጋ ነው የሄደችው» አለኝ። እሱንም ሸኝቼ እንደገና ተቀመጥኩ። ውጭ ወንዶቹ «ይቺ ሴትዮ ምን እያደረገች ነው?» እያሉ ሲያጉረመርሙ ውሃው አልሞቀም አልኳቸው። ከዙህር እስከ አስር ሰላት ድረስ ጠብቄያታለሁ። እናትሽን ከነነፍሷ አልቀበርናትም። ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ተላሂ።

ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም ካልሽኝ፣ ገመናዋ ነው ብዬ ነው። የሞተችውን ልሸፍን ብዬ በሕይወት ያለችውን ሳሠቃይ ኖርኩ። ደግሞ ተጸየፈች ብዬ ተቀየምኩሽ። እሱን ሳስብ እንባዬ ወረቀቱን አበላሸብኝ፣ ይኸው ታዪዋለሽ። አፉ በይኝ፣ ልጄ። አፉ በይኝ።

የጠየቅሽኝን ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። «ነዚፋ አትችልም» ይላል፣ ፈርሜበታለሁ። ብትሰጪውም ልጄ ነሽ፣ ባትሰጪውም ልጄ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽና ላብቃ። ፈሪ መሆንሽን አላህ ሲጠራሽ ዘንግቶት አይደለም።

እናትሽ ሉባባ


ስማይርና
ኦገስት 17 ቀን 2025

ለእናቴ ለእትዬ ሉባባ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። አላህ እጅዎን ይፈውስልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። አፉ ብያለሁ፣ እርስዎም አፉ ይበሉኝ።

እትዬ ሰፍያ ዓርብ ማታ አረፉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ጁነዲን ሲደውል ወረቀትዎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አንብቤ ላሰማው አወጣሁት። «መጣሁ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔኑ ገረመኝ። ከዚያ ሊቶኒያ እስክደርስ ድረስ በየኤግዚቱ፣ በየመውጫው፣ ልመለስ አሰብኩ፤ አንዱ ጋ ወጥቼ፣ ዞሬ፣ እንደገና ሀይዌይ ገባሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው ሳሚያ ራሷ ለአክስትሽ ጻፊላት ስላለችኝ ነው። ሌላውን አልነግርዎትም።

ሳሚያ እናቴን እኔም አጥባለሁ ብላ ገባች። በሩ ላይ አስቆምኳት። ገመናውንም ነገርኳት፣ አየሩንም ነገርኳት፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነገርኳት። «አይ ኖው፣ አውቃለሁ፣ ፋርማሲስት ነኝ እኮ» አለችኝ። ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። ከትከሻቸው ቀና አደረግኳቸው፣ ሆዳቸውን ቀስ ብዬ ተጫንኩ። ተነፈሱ።

«ሺ ኢዝ ብሪዲንግ! እየተነፈሰች ነው!» ብላ ጮኸች። «ማማ! ማማ! ነዚፋ፣ 911 ደውዪ፣ አምቡላንስ!»

አክስቴ፣ የጻፉልኝ ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። በሩ ሁለት እርምጃ ነበር። ጉልበቴ ወደዚያው ሄደ ማለት ይቻላል። ግን እትዬ ሰፍያ ክንዴ ላይ ነበሩ፤ ብለቃቸው ይወድቃሉ። ቀስ ብዬ አስተኛኋቸው፣ ሸፈንኳቸው። የሥራ ቦርሳዬ ጥግ ላይ ነበር፣ ከውስጡ የደም ግፊት የምለካበትን ማዳመጫ አወጣሁና ሳሚያ ጆሮ ላይ አደረግኩላት። «ስሚ» አልኳት። «የፈለግሽውን ያህል ስሚ። ማንም አያስቸኩልሽም።»

ሰማች። በግራ በኩል ሰማች፣ በቀኝ ሰማች፣ አንገታቸው ላይ ሰማች፣ እንደገና ተመለሰች። ጁነዲን በሩን አንኳኳ፤ «እህት ነዚፋ፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ሰላቱ ሊደርስ ነው» አለ። «ይጠብቅ!» አልኩት። እኔ እንዲህ ጮኼ ተናግሬ አላውቅም። ሳሚያ እያለቀሰች ቆይታ ቆይታ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣችና ለእኔ ሰጠችኝ። «አንቺም ስሚ» አለችኝ።

ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ምንም የለም። ፀጥ ያለ ነው። እንደዚያ ያለ ፀጥታ ሰምቼ አላውቅም፣ የሚያስፈራም አይደለም። ብዙ ቆየሁበት። የማን ደረት ላይ እንደሆንኩ ጠፋኝ።

ከዚያ ሳሚያ «ኦኬ። ቀጥሎ ምንድነው?» አለችኝ። ከቀኝ ነው የሚጀመረው አልኳት። እሷ ቀዳች፣ እኔ አጠብኩ። ፀጉራቸውን ሦስት ቦታ ጎንጉነን ወደ ኋላ አደረግንላቸው። አንድም ነገር አላስቀረንም።

እማዬ ከሞተች ጀምሮ ስሟን ስጠራ ሰው የሚለውን ብዬ አላውቅም። ሰዉ ልማድ ሆኖበት ለሞተ ሁሉ ይላታል፤ እኔ ግን ካልኳት እናቴን በአፌ የቀበርኳት እየመሰለኝ ሃያ አምስት ዓመት ዋጥኳት። ትናንት ከቀብር ስንመለስ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ጮክ ብዬ አልኳት። አሁን ደግሞ ለእርስዎ እጽፋታለሁ።

እናቴ ዘምዘም ሙሄ ሞታለች። አላህ ይዘንላት።

ልጅዎ ነዚፋ